ፊልሙን ለራሳችን ዓይን ተዉልን

የተከበራችሁ የደሴ ልጆች፣ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ!

የፊልም ክበባችን ሲከፈት ንግግር እንዳደርግ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። የክበቡ ዓላማ የተጻፈበት ወረቀት በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። እኔ ሆዴን ሲበላኝ የከረመ አንድ ጉዳይ አለ። እኛ ሳናየው ፊልሙን የሚያዩልን ሰዎች በዝተዋል።

የቪዲዮ ቤቱን ዘመን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጥ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ። ውጭ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፦ «ዛሬ 8 ሰዓት፣ የህንድ»። በቃ! ሌላ ማስታወቂያ የለም። ቋንቋውን የሚሰማ የለም፣ ግን እናትየው ስትሞት ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። አክተሩ ሲመጣ ፉጨቱ ጣሪያ ይነቅላል። አንድ ቀን ታሪኩ ጡዘት ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ማንም አልወጣም። በጨለማው ክርክር ተነሳ። አንዱ «ወንድሙ ነው፣ አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት አላያችሁም?» አለ። ሌላው «ወላሂ አይደለም!» ብሎ ሊደባደብ ደረሰ። የቤቱ ባለቤት ብራችሁን ልመልስ ቢል የሚቀበለው አላገኘም። መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም አንድ ላይ ጮኽን። እንደዚያ የጮኽነው መጨረሻውን ማንም ስላልነገረን ነው።

ዛሬስ? ፊልሙ ገና ሳይወጣ «ያበደ ፊልም! በታሪካችን እንዲህ ያለ አልተሠራም!» ሲባል ይከረማል። ተመልካቹ ከፍሎ ሲገባ የተወራለትን ተአምር ይጠብቃል። ፊት ለፊቱ ደህና የተሠራ፣ የሚያስቅ፣ የሚያሳዝን ፊልም አለ። ተአምር ስላልሆነ ብቻ «ተሸወድን» ብሎ ይወጣል።

ከማራገቡ ይልቅ ግን ማጣጣሉ ያንገበግበኛል። በቅርቡ አንድ የአገራችንን ፊልም ለማየት ገባሁ። በቲክቶክ ቀድሞ ተሰድቧል። አዳራሹ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ፊልሙ ላይ አንድ አባት የልጁን የትምህርት ቤት ጫማ ይወለውላል። ምንም አያወራም። የተቀደደችውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ቀለም ይቀባታል። ከፊቴ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አጠገቤ ያለው ወጣት ግን ስልኩ ላይ ነበር። ሲያልቅ «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። «ደካማ ነው ተብሏል» አለኝ። ተብሏል! ማን አለ? የቱ ትዕይንት ነው ደካማው? አንተስ ምን አልክ?

ወገኖቼ፣ ሳያዩ መፍረድ ሂስ አይደለም! ሃያሲ ይህ ትዕይንት ረዘመ፣ ይህ ንግግር ከገጸ ባህሪው አፍ አይወጣም ብሎ በማስረጃ ይሞግታል። እሱን ወንበር ስበን እንስማው። ያላየውን ፊልም ቆሻሻ ብሎ የሚለጥፍ ሰው ግን የባለሙያዎቹን ልፋትም የእኛንም ምሽት ይነጥቃል። ይህን ዝም ብለን አናይም!

በቁጥር የምታምኑም አላችሁ። የፊልም ሃያሲያንን አስተያየት በሚሰበስበው «ሮተን ቶሜቶስ» ድረ ገጽ ላይ 100 ፐርሰንት ስታዩ ፊልሙ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከሃያሲዎቹ ስንቶቹ በጎ አስተያየት እንደሰጡ ነው የሚነግራችሁ። ሁሉም «ደህና ነው፣ ይታያል» ብቻ ቢሉም 100 ይሆናል። ስንቱ እንደወደደው እንጂ ምን ያህል እንደወደደው አይለካም።

ሃያሲያንም ቢሆኑ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። የዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም «ቨርቲጎ» እ.ኤ.አ. በ1958 ሲወጣ ብዙዎቹ ቀዝቀዝ ብለው ነበር የተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ሃያሲያንን ሲያስመርጥ ከዓለም ፊልሞች 1ኛ ወጣ። ፊልሙ ያው ፊልም ነው።

እንግዲህ የዛሬውን ፊልም ስም ያልለጠፍነው ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ ያየው ካለ፣ እባካችሁ ጎረቤታችሁን አትንገሩ። ስልካችሁን አጥፉ። ውይይቱ ፊልሙ እንዳለቀ እዚሁ ይጀመራል። ያልወደደው ቀድሞ ይናገራል፣ ግን የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሆነ ይነግረናል። መብራቱን አጥፉልን። አመሰግናለሁ።