ይሄ ጾም ነው? ስለ እንጉዳይና ስለ እናቴ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፄን ከሸፈነባችሁ ታገሱኝ። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ ኋላ ተውኩት። ዛሬ የማወራው ስለ እንጉዳይ ነው፤ እንጉዳይና ዝናብ ደግሞ አይለያዩም።

ዘንድሮ ፍልሰታን እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ ጋ ነው የጾመችው። ጠዋት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ትመለሳለች። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ገባሁና ምሳዋን እኔ ልሥራላት አልኩ። ግማሽ ኪሎ እንጉዳይ ገዝቼ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ጠበስኩት።

መጣች፣ እጇን ታጠበች፣ ጸሎቷን አድርሳ ቀረበች። የመጀመሪያውን ጎረሰች። ሁለተኛውን ጠቅልላ ልታነሳ ስትል እጇ መሶቡ ጠርዝ ላይ ቆመ። ማላመጧንም አቆመች። አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጾም ነው?» አለችኝ።

ሥጋ መስሏታል። እውነቷን ነው፤ ቃጫው እንደ ሥጋ ነው የሚተረተረው፣ ዳር ዳሩ ቀላ ብሏል፣ የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ስሰማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄድኩ። ወደዚያው ልውሰዳችሁና እናቴን መሶቡ ላይ ትንሽ እናቆያት።

ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው። ጥጃ እጠብቃለሁ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ ሜዳ ላይ፣ ከብቶች በሚውሉበት በኩል፣ ማታ ያልነበረ ነጭ ነገር ጠዋት በቅሎ አገኘሁ። ከላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው። ገልብጬ ሳየው ደግሞ ከሥሩ ስስ ስስ ቅጠሎች እንደ ዳዊት ገጽ ተደርድረዋል። በጣቴ ሳስኬደው ይርገበገባል። ሽታው የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ዛሬም አፈር ዝናብ ሲነካው ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል።

ለእናቴ ላሳያት ይዤው ሮጥኩ። ገና ከደጅ ስታየኝ ነጠቀችኝና ወረወረችው። «የጅብ ጥላ! የጅብ ጥላ እኮ ነው!» እጄን ይዛ ወደ ምድጃው ወሰደችኝ፣ አመድ በውኃ አድርጋ እስኪቀላ ፈተገችው። «አፍህ አስገብተሃል? እውነቱን ንገረኝ፣ ቀምሰሃል?» አልቀመስኩም አልኳት፤ አላመነችኝም። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ኩራዝ ይዛ መጥታ ፊቴን ስታይ አስታውሳለሁ። ሆዴን ዳሰሰች፣ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ተመለሰች።

ያቺ ኩራዝ ትርጉሟ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በዓለም ላይ በእንጉዳይ መመረዝ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ዝርያ ነው። ሲበሉት አይመርርም፤ በልተውት የተረፉ ሰዎች ጣፋጭ ነበር ብለው ተናግረዋል። ብትቀቅሉት፣ ብትጠብሱት፣ ብታደርቁት መርዙ አይሞትም። ደግሞ ወዲያው አያሳምምም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝም ይላል፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ሲጀምር መርዙ ጉበት ላይ ሥራውን ይዟል። እናቴ ይህንን ከመጽሐፍ አላነበበችውም። ግን ልጅ የጅብ ጥላ ከነካ ሌሊቱን መነሳት እንዳለባት ታውቅ ነበር። በጎጃም ሜዳ የሚለይ ሰው በሌለበት፣ ሁሉንም «የጅብ ጥላ» ብሎ መራቅ ልጅ ያተርፋል። በዚህ ስም የሚስቁ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ደስ አይለኝም።

ፍርሃቱ እኔ ላይ ሃያ ዓመት ቆየ። የለቀቀኝ ሜጢ ነው።

ጋምቤላ ክልል፣ ማጃንግ ዞን። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት እዚያ ነበር። ከደጋ ለሄደ ሰው ጫካው የሚያስደንቅ ነው፤ ዛፉ ላይ የንብ ቀፎ፣ ከዛፉ ሥር ቡና፣ መንገዱ ዳር ጎደሬ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የማጃንግን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። አንድ ቀን፣ የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ባደረ ማግሥት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ «መምህር፣ እናቴ ጠርታሃለች» አለኝ። ሄድኩ።

ኩይሳ አጠገብ ተንበርክካ አገኘኋት። ከመሬቱ ቡናማ ቆብ ያላቸው እንጉዳዮች ወጥተዋል፤ ትልቁ የእንጀራ ሰፌድ ባያክልም ሳህን ያክላል። አልነቀለችውም። በጣቷ አፈሩን ዙሪያውን ፈልፍላ፣ ቀስ ብላ ሳበችው። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ እንደ ካሮት ቀጥኖ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም እግር አለው። ልጁ ነው ያስረዳኝ፤ ሥሩ የሚሄደው ምስጡ ቤት ድረስ ነው፣ ይሄ እግር ከሌለው እናቱ አትወስደውም። እግሩ ለእሷ መታወቂያው ነው።

ነገሩን ኋላ ሳነብ የበለጠ ገረመኝ። ምስጦቹ ገበሬዎች ናቸው። የደረቀ እንጨትና ቅጠል እየቆረጡ ጓዳቸው ውስጥ ያስገባሉ፣ እዚያ ላይ ፈንገሱን ያለማሉ፤ ፈንገሱ እነሱ የማይፈጩትን እንጨት ያበስልላቸዋል፣ እነሱም ያንን ይበላሉ። ዝናብ ሲመጣ ፈንገሱ ፍሬውን ወደ ላይ ይልካል። እኛ እንጉዳይ የምንለው ያንን ፍሬ ነው። ዛምቢያ ውስጥ የሚበቅለው የዚሁ ቤተሰብ ትልቁ ዝርያ ቆቡ አንድ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሰው ይህንን ወገን እንደ ሌላው እንጉዳይ ለገበያ ላልማህ ቢለው እሺ አላለውም፤ ምስጡ ብቻ ነው የሚችልበት።

እና በላሁት። በጨውና በትንሽ ውኃ ነው የቀቀለችው፤ ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር አቀረበችልኝ። የመጀመሪያውን ስጎርስ ልቤ ይመታ ነበር፣ የእናቴ ኩራዝ ፊቴ ላይ ነበረች። ግን ያቺ ሴት ከኔ በፊት በላች፣ ልጇን አበላች። አያቷም ከዚያው ኩይሳ ለቅማለች። ጣዕሙ... የዶሮ መረቅ ውስጥ ያደረ ጎደሬ በሉት። መረቁን በጎደሬው ጠርጌ ጨረስኩት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። እኔ እስከዛሬ ከሜዳ ለቅሜ አላውቅም። ፎቶ አይቶ፣ ስልክ ጠይቆ የሚለቅም ሰው ካለ እባካችሁ ተው በሉት። ከሚያውቅ ሰው እጅ፣ ወይ ከሚያለማ ሰው ግዙ።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ፣ የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የማገኘው ያ እንደ ጆሮ ጠፍጣፋ የሆነው፣ ግራጫ ወይም ነጣ ያለው ነው። ስገዛ ፕላስቲኩ ውስጥ ውኃ ያዘለውን አልወስድም። ቤት ስደርስ ወዲያው ከፕላስቲኩ አውጥቼ ወረቀት ውስጥ እጠቀልለዋለሁ፤ ላስቲክ ውስጥ ካደረ ይዝለገለጋል። ውኃ ውስጥ አልነክረውም፣ ቆሻሻ ካለው በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ቢላም አልወድለትም። በእጅ ነው፤ ከቆቡ ወደ እግሩ ስትስቡት በቃጫው መስመር ራሱ ይሰነጠቃል። ልጄ ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም።

ከዚያ መጥበሻው። ብዙ ሰው ዘይትና ሽንኩርት አቁላልቶ እንጉዳዩን ይደፋበታል፤ የሚያገኘው ግራጫ ቅቅል ነው። እንጉዳይ ዘጠና በመቶ ገደማ ውኃ ነው። ያ ውኃ ሳይወጣ የሚጠበስ ነገር የለም። ስለዚህ መጥበሻውን ባዶውን አግላለሁ፣ ዘይት የለም፣ ጨው የለም፣ እንጉዳዩን ዘርግቼ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ላብ ያወጣል። ከዚያ በራሱ ውኃ ውስጥ መንተክተክ ይጀምራል፤ ቤቱ ጫካ ጫካ ይሸታል። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው። ጠብቁት። ውኃው ያልቃል፣ የመንተክተኩ ድምፅ ወደ ማፏጨት ይለወጣል። ያንን ድምፅ ስትሰሙ የኑግ ዘይት ጠብ አድርጉ፤ ዳሩ መቅላት ይጀምራል። ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል። ጨው ከሁሉም በኋላ። የሞላው መጥበሻ ሲሦ ሆኖ ሲቀር አትደንግጡ፣ የሄደው ውኃ ነው።

«ብዙ ካቆየሁት አይደርቅም? አይሟሽሽም?» ይሉኛል። አይሆንም። ሥጋ ሲበዛበት ይጠነክራል፣ ጎመን ሲበዛበት ይሟሟል፤ እንጉዳይ ግን ገላው የተሠራው ካይቲን ከሚባል ነገር ነው፣ የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ነገር ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ በእሳት በቀላሉ አይበገርም። ለዚህ ነው ቁሌት ውስጥ ከበርበሬ ጋር አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላም ጥርስ ሥር የሚገኘው። በጾም ወጥ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሽሮው ለስላሳ ነው፣ ምስሩ ለስላሳ ነው፣ ክኩ ለስላሳ ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ጥርሱ የሚያላምጠው ነገር ይናፍቀዋል።

ጣዕሙስ? በ1908 እ.ኤ.አ. ኪኩናዬ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረም መረቅ ውስጥ ግሉታሜት የሚባለውን ነገር አወጣና ጣዕሙን ኡማሚ ብሎ ስም ሰጠው፤ ከጣፋጩ፣ ከጎምዛዛው፣ ከጨዋማውና ከመራራው የተለየ ጣዕም ነው አለ። በ1957 ደግሞ አኪራ ኩኒናካ፣ ጓኒሌት የሚባለውን፣ በደረቀ እንጉዳይ ውስጥ በብዛት ያለውን ነገር ለየ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አብዝቶ ያጎላዋል። ቲማቲም ግሉታሜት አለው፤ ስለዚህ የደረቀ እንጉዳይ የገባበት የቲማቲም ስልስ ሥጋ ያለበት የሚመስለው በከንቱ አይደለም። እኛ ለዚህ ጣዕም የተለየ ስም የለንም። ግን ወጥ ቀምሰን «ጣፈጠ» ስንል ስኳር ማለታችን አይደለም፤ ይህንኑ ማለታችን ይመስለኛል።

ሲተርፈኝ አደርቀዋለሁ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ፣ ያንን የዳዊት ገጹን ወደ ፀሐይ ገልብጬ። እንጉዳይ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል፤ ከተለቀመም በኋላ ይሠራል። በበጋ በሁለት ሦስት ቀን እንደ ቋንጣ ይሰበራል። ወቅጬ ሽሮ ላይ ጣል አደርገዋለሁ።

እናቴን ረሳናት፤ እጇ እዚያው መሶቡ ጠርዝ ላይ ነው።

«ጾም ነው እማዬ፣ እንጉዳይ ነው» አልኳት። አላመነችም። ከፍሪጅ ያልተጠበሰውን አምጥቼ በእጇ ሰጠኋት። ገለበጠችው። ከሥሩ ያሉትን ቅጠሎች አየች። «ይሄማ የጅብ ጥላ ነው!»

«እሱ ነው። ግን ይሄኛው ከሜዳ አልተለቀመም። ዘሩ ተገዝቶ፣ ቤት ውስጥ፣ ጭድ ላይ ነው የሚበቅለው።»

«ምን ላይ?»

«የጤፍ ጭድ ላይ። ጭዱን በፍል ውኃ ያበስሉታል፣ ላስቲክ ውስጥ ከዘሩ ጋር ይሞሉታል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያቆዩታል። ነጭ ድር ያለብሰዋል፣ ከዚያ በቀዳዳው ይወጣል።»

እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ጭድ ለከብት ሰጥታለች፣ ከጭቃ አቡክታ ግድግዳ ለጥፋበታለች። እንጉዳዩን እንደያዘች ዝም አለች። «ከጭድ?» አለች። «ከጭድ የሰው ምግብ?» ከዚያ አፏ ውስጥ የቆየውን ዋጠችና «ስምሽ የተመሰገነ ይሁን እመቤቴ» ብላ ሁለተኛውን አነሳች።

ስለ ጥርጣሬዋ ግን አንድ ነገር ልበል። ሳይንቲስቶች እንጉዳይን ዘሩን ሲቆጥሩት ከተክል ይልቅ ለእንስሳ የቀረበ ሆኖ አግኝተውታል። ተክልም አይደለም፣ እንስሳም አይደለም፤ ደም የለውም፣ ወተት የለውም፣ ይጾሙበታል። የእናቴ ምላስ ግን ዝምድናውን ያወቀችው ይመስለኛል።

ፍልሰታ እስኪፈታ ሁለት ጊዜ አሠራችኝ። አውቶቡስ ተራ ልሸኛት ስሄድ መስኮቱን ከፍታ፣ «ልጅቷን ግን ሜዳ ላይ ያየችውን እንዳትነካ ንገራት» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ነገርኳት። ስሙንም፣ አመዱንም፣ ኩራዟንም ነገርኳት። በዚያው ሳምንት ከአጥራችን ሥር አንዲት ነጭ እንጉዳይ በቅላ አየችና ሳትነካ ጠራችኝ። ሁለታችን ዝናቡ ላይ ተንበርክከን፣ ጉንጫችንን ከመሬቱ ጋር አስጠግተን ከሥሯ ያሉትን ስስ ቅጠሎች አየናቸው። ከዚያ ገብተን እጃችንን ታጠብን።