ሆርኪ፣ ቢተር፣ ቤተር

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነበር የማወራው። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። ይቆየን። ያቺ እንግሊዝኛ የማስተምርባት የማታ ክፍል ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች፣ እሷን ሳልተነፍስ ደግሞ ሌላ ወሬ አይጥመኝም። ተራ ነገር ናት። የሻይ ነገር ናት። ብዙ እንዳትጠብቁ፣ ጠብም እንባም የለባትም።

ክፍሉን ታውቁታላችሁ። ብርኖ፣ የቼክ ከተማ፣ ያ ማሞቂያው ወይ የሚቀቅለን ወይ የሚረሳን። እትዬንም ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ በሆዴ እትዬ ነው የምላቸው። ስሎቫክ ናቸው። አጠገባቸው የሚቀመጠው ደግሞ "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ባዩ ነው። አዎ፣ እሱ ልጅ፣ ቼኩ። ፈተና እንደሌለን ስንቴ እንደነገርኩት እናንተ ምስክር ናችሁ።

እና የዚያን ቀን ድምፃቸው የሚመሳሰል የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ነበርን። ይሄን ትምህርት እወደዋለሁ፣ አልደብቅም። ቃሉን እጽፋለሁ፣ ከየት እንደመጣ እናገራለሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱ በቋንቋው ምን እንደሚለው ይነግረኛል። እኔም እየተከፈለኝ እማራለሁ። የጀመርነው በፍላወር ነው። አንዱ ፍላወር አበባ፣ ሌላው ፍላወር ዱቄት። ሲጠሩ ልዩነት የላቸውም። ሁለት ባዳዎች በአጋጣሚ ተገጣጥመው ይመስላል፣ ግን አንድ ቃል ናቸው። ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ፣ አበባ የሚል ቃል ነው። የዱቄቱ ምርጥ፣ ልሙ ክፍል፣ የዱቄት አበባ ተባለ፣ ቀስ በቀስ ዱቄቱ አበባነቱን ረስቶ ለብቻው ወጣ። የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት በ1755 ሲታተም እንኳን ገና በፊደል አልለያቸውም።

ከዚያ ወደ እነሱ ተሻገርን። አበባ በቼክኛ ክቭየት፣ በስሎቫክኛ ክቨት። ዱቄት በቼክኛ ሞውካ፣ በስሎቫክኛ ሙካ፣ "ሙ"ን ሳብ አድርጎ። ሳብ ካላደረጋችሁ ሙካ ስቃይ ነው። ሱቅ ገብታችሁ ሁለት ኪሎ ስቃይ ይመዘንልኝ ትላላችሁ ማለት ነው። ሁሉም ሳቀ። እትዬም ሳቁ። ይሄን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው፣ ስሜቱ ጥሩ ነበር ለማለት።

በነገራችን ላይ አበባ ጎመንን አስተውላችሁታል? እንግሊዝኛው ኮሊፍላወር፣ አበባ አለበት። ቼኮቹ ክቭየታክ፣ ያው ክቭየት። ስሎቫኮቹ ካርፊዮል ይላሉ፣ ምንም አይመስልም፣ ግን መነሻው ጣልያንኛ ነው፣ በጀርመንኛ በኩል የዞረ፣ ውስጡ የተደበቀችው ፊዮሬ አበባ ናት። እኛም አበባ ጎመን። ሁሉም አበባ ይለዋል፣ እኔ እስካሁን አስተናጋጅ ጠርቶ እሱን ያዘዘ ሰው አላየሁም። እሺ፣ ወደ ሻይ።

እረፍት ሆነ። ልጁ ሻይ አፈላ። ደግ ልጅ ነው፣ ይሄ ይመዝገብልኝ። የሻይ ከረጢቱን ኩባያው ውስጥ ረስቶት ቆይቷል። እትዬ ፉት አሉና "ሆርኪ" አሉ። ለማንም አይደለም፣ እንዲሁ ለራሳቸው። ልጁ ፈጠን ብሎ "ይጠብቁ፣ ይጠብቁ" አለ፣ በእጁ ኩባያውን እያራገበ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይ፣ ሆርኪ" አሉ፣ ጠንከር አድርገው። እሱ ተነስቶ መስኮት ከፈተ።

አሁን ስሙኝ። በቼክኛ ሆርኪ የሚፋጅ ነው፣ ትኩስ። በስሎቫክኛ ሆርኪ መራራ ነው። ፊደሉ ያው፣ ድምፁ ያው። ቼኮች መራራን ሆርዥኪ ይላሉ፣ በዚያች ምላሴን እስከ ዛሬ በምታዋርደው "ር" እና "ዥ" አንድ ላይ በሚወጡባት ድምፅ። ስሎቫኮች ያቺ ድምፅ የለቻቸውም። ትኩሱን ደግሞ ሆሩትሲ ይሉታል። ስለዚህ አንዷ ምርሯን ስታወራ ሌላው እሳት ያጠፋል።

ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እንዴት ልበላችሁ፣ ርዳኝ የሚል አስተያየት አይደለም። ሳልተነፍስ ወደ ልጁ ተመለሱና በእንግሊዝኛ "ቢተር" አሉት፣ መራራ። የልጁ ፊት በራ። "ቤተር? ጉድ! ጉድ!" አለ። ተሻለኝ ያሉት መስሎት። እኔ ደግሞ ያንን "ጉድ" በአማርኛው ነው የሰማሁት፣ እና በአማርኛውም ትክክል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ኩባያውን አዩት። "ኦኬ። ቤተር" አሉ። ከዚያ ጠጡት። ስኳር ሳይጨምሩ፣ እስከ አተላው።

ይሄው ነው። አለቀ። ግን ያ "ኦኬ። ቤተር" ምን ነበር? ቀልድ ነበር? ቀልደኛ ናቸው እኮ። ቀልድ ከሆነ የቀኑ ምርጥ ቀልድ ነው። ግን ሲሉት አልሳቁም። ምናልባት ድርቅ ብሎ መቀለድ ልማዳቸው ይሆናል። ወይም ደክሟቸው ነው፣ ማታ ነው፣ ከሥራ ነው የሚመጡት። ወይም ደግሞ፣ እኔ እንጃ፣ በቃ ይሁንላችሁ ማለታቸው ነው።

እና የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ፣ እትዬ ሆርኪ በቼክኛ ትኩስ መሆኑን ያውቃሉ። በደንብ ያውቃሉ። ብርኖ የኖሩት ትናንት አይደለም። ስሎቫኮች ቼክኛ ይሰማሉ፣ ፊልሙ በቼክኛ፣ መጽሐፉ በቼክኛ፣ ልጅነታቸው ሙሉ በጆሯቸው ሲገባ ነው የኖረው። በቼኮስሎቫኪያ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም ያፈራርቅ ነበር፣ ዜናው አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ ተርጓሚ የሚል ሰው አልነበረም። ዛሬም ቢሆን በስሎቫክኛ የተጻፈ ማመልከቻ የቼክ መንግሥት ቢሮ ሳይተረጎም ይቀበላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ልጁ ግን አገሩ በ1993 ለሁለት ከተከፈለ በኋላ የተወለደ ነው። ስሎቫክኛ ለሱ በወሬ የሚታወቅ ዘመድ ነው፣ ስሙን ያውቀዋል፣ ቤቱን አያውቀውም። ምን ይፈረድበታል?

ስለዚህ እያወቁ ለምን ሆርኪ አሉ? ለምን ደገሙት? የመጀመሪያውን ይገባኛል፣ ምሬቱ ምላስ ሲነካ ሰው አያስብም፣ በናቱ ቋንቋ ነው የሚያመልጠው። እኔ ራሴ ጣቴን በር ሲቆነጥጠኝ "እሰይ፣ እንግሊዝኛ ልጩህ" አልልም። ሁለተኛው ነው ያልገባኝ። "አይ፣ ሆርኪ" ያሉት። እያወቁ። ልክ ቃሉን ከልጁ እጅ እንደመቀማት። ወይም እኔ ነኝ የማጋንነው። ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ያቃጠለኝ ነገር፣ የተሻለ የሚለው ቃል በቼክኛም ሌፕሺ ነው፣ በስሎቫክኛም ሌፕሺ። አንድ ነው። ልጁ በቋንቋው "ሌፕሺ?" ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ "የለም" ብለውት ያልቅ ነበር። እንግሊዝኛ መሀል ገባና አሳሳታቸው፣ እንግሊዝኛውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የሸገር ልጅ። እስቲ እኔ በቼክና በስሎቫክ መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ?

ማታ ቤት ገብቼ ቃላቱን ሳገላብጥ አመሸሁ። እንግሊዝኛው ቢተር ከመንከስ ጋር ዘመድ ነው፣ ባይት ከሚለው ጋር፣ መራራ ማለት ምላስ የሚነክስ ነገር ነው። ቤተር ከሱ ጋር ዝምድና የለውም፣ ሌላ ሰፈር ነው። በተር፣ ቅቤው፣ ከግሪክ በላቲን በኩል የመጣ ነው፣ መጀመሪያው የላም አይብ እንደማለት። ሦስቱም አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ፣ አይተዋወቁም። ሆርኪና ሆርኪ ግን፣ ትኩሱና መራራው፣ የምር ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ የስላቭ ቃል ነው የመጡት፣ መንደድ፣ መቃጠል ከሚል። መራራውም የሚያቃጥል ነበር ማለት ነው። እኛስ በርበሬውንም እሳቱንም ያቃጥላል እንል የለ? ልጁም እትዬም ስለ አንድ ነገር ነበር የሚያወሩት፣ የዛሬ ስንት ሺህ ዓመት ቢሆን ኖሮ። ይሄን ብነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ሻዩ ያው ሻይ ነው።

በዚህ መሀል አክስቴ ደወለች። ታውቋታላችሁ፣ "ልጄ፣ አሁንም እዚያ ባንክ ውስጥ ነህ?" ትለኛለች፣ ቼክ ስላልኳት። በስንት ዓመቷም አትሰለችም። የዚያን ቀን ግን ቃላት ላይ ስለነበርኩ ተከተልኳት። የባንኩ ቼክ መነሻው ቼዝ ነው አልኳት። ንጉሡ አደጋ ላይ ነው ሲባል የሚጠራው ቃል ነው፣ ከፋርስ ሻህ ነው፣ ንጉሥ። ከዚያ ማስቆም ሆነ፣ ከዚያ ማጣራት፣ ከዚያ የባንክ ወረቀት። የአገሩ ሰዎች ግን ቼክ የሚባል አባት ነበራቸው፣ በአፈ ታሪካቸው፣ ሕዝቡን መርቶ ሪፕ የሚባል ኮረብታ ላይ ወጣ ይላሉ። እንግሊዞች ስሙን በፖላንድኛ አጻጻፍ ወሰዱት፣ ለዚህ ነው ሲና ዜድ ተደርድረው ሰው የሚያደናግሩት። ቼኮቹ ራሳቸው የባንኩን ሼክ ይሉታል፣ ቼዙን ሻኺ፣ እና ሼክ ስላት አክስቴ "ደግሞ ሰለምክ?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት በሳቅ።

እኛም ሰንጠረዥ ነበረን እኮ። ያው ቼዙ፣ ከዐረብኛ ሸጥረንጅ። አሁን ሰንጠረዥ ስትሉ ሰው ኤክሴል ነው የሚመጣበት። ምን ልል ነበር?

አዎ፣ ሠረቀ። በግዕዝ በንጉሡ "ሠ" ከጻፋችሁት ፀሐይ ወጣ ነው፣ ምሥራቅ ከሱ ነው የመጣው። በእሳቱ "ሰ" ከሆነ ሌብነት ነው። ድምፁ ዛሬ አንድ ሆኗል። አንዱን "ሰ" ጣሉት የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ፊደል ይቀንሳል፣ ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። እኔ በፊት ጣሉት ባይ ነበርኩ። አሁን እያመነታሁ ነው። ግን እትዬም ልጁም ፊደል አልጠቀማቸውም እኮ፣ ሆርኪ በፊደልም አንድ ነው። ስለዚህ ይሄ ምሳሌ አይሠራም። ተዉት።

ሌላው ጭንቀቴ የሚቀጥለው ክፍል ነው። ዝርዝሬ ላይ ተራው የዊክ ነው። ዊክ ሳምንት፣ ዊክ ደካማ። ደካማው ከኖርዲክ ሰዎች የመጣ ነው፣ በሁለቱም ስላቢ ነው፣ ሰላም ነው። ሳምንት ግን በቼክኛ ቲደን፣ በስሎቫክኛ ቲዥደኝ፣ ያው ቀን ማለት ነው፣ ያ ቀን ተመልሶ ሲመጣ። ሰኞ እስከ ሰኞ። እትዬን እና ልጁን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው ወይ እያልኩ ነው፣ ላስነሳቸው ብል ደግሞ ነገር ያለ ይመስላል፣ ነገር ላይኖር ይችላል። የኛ ሳምንት ደግሞ ከስምንት ነው። ቀኑ ሰባት ሆኖ ስምንት የምንለው፣ የመጀመሪያውን ቀን ሁለቴ ስለምንቆጥረው ይሆናል፣ እና ያ ከሆነ እነሱ "ያው ቀን" ካሉት ጋር… ቆይ። ሰኞን ሁለቴ ከቆጠርን፣ ሁለተኛው ሰኞ የማን ሳምንት ነው?