የጥጥ ቲሸርት የታሪፍ ቁጥር የሚወሰነው እንዴት ነው?

[በምስሉ፦ ቲሸርት፣ ባለ ኮሌታ ፖሎ እና የሐበሻ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ።]

ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ የሚጫን የጥጥ ቲሸርት እስከ እ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ድረስ በአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለተመረጡ የአፍሪካ አገሮች ምርቶች ከቀረጥ ነጻ መግቢያ በምትሰጥበት ሕግ፣ አማካይነት ከቀረጥ ነጻ ይገባ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚነት ከወጣች በኋላ ግን የልብሱ የታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም ለቀረጥ ሲባል ልብሱ የሚመደብበት ቁጥር፣ አስመጪው የሚከፍለውን ገንዘብ በቀጥታ የሚወስን ሆኗል። ቁጥሩ የሚሰጠው ደግሞ ኢንቮይሱ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በልብሱ አሠራር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት፣ ማለትም በተለምዶ ኤችኤስ ኮድ በምንለው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ሥርዓቱን በሚከተሉ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ወደ ኢትዮጵያ ለሚያስገባ አስመጪም ያገለግላል፤ የሚለያየው የቀረጡ መጣኔ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጨርቁ እንዴት ተሠራ የሚለው ነው። ክሩ በቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የተሠራ ከሆነ፣ ማለትም የሹራብ ሥራ ከሆነ፣ ልብሱ ምዕራፍ 61 ውስጥ ይገባል፤ ምዕራፍ የሚባለው የቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ናቸው። ድርና ማግ ያለው ከሆነ ምዕራፍ 62 ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ መቶ በመቶ ጥጥ ቢሆንም ከቲሸርት ጋር አንድ ምዕራፍ የማይጋራው በዚህ ምክንያት ነው።

[በምስሉ፦ የፖሎው ኮሌታና የታችኛው ጠርዝ ቀረብ ብሎ ይታያል።]

ቀጥሎ ቅርጹ ይታያል። ኮሌታም ቁልፍም የሌለው ቀላል ቲሸርት 6109 ነው። ባለ ኮሌታና ባለ ቁልፍ የወንድ ፖሎ 6105፣ የሴት ሲሆን 6106 ይሆናል። ነገር ግን ያው ፖሎ ከወገብ በታች ኪስ ካለው፣ ከታች በኩል የሚያጠብቅ ጠርዝ ወይም ገመድ ከተደረገለት፣ አለዚያም ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲሜትር በሆነ ቦታ ላይ ሲቆጠር በሁለቱም አቅጣጫ በአማካይ በሴንቲሜትር ከ10 ያነሰ የክር ቀለበት ከተገኘበት፣ ከሸሚዝነት ወጥቶ ከሹራቦች ጋር 6110 ውስጥ ይመደባል። በአሜሪካ የጥጥ ፖሎ በ6105 መደበኛ ቀረጡ 19.7 በመቶ ሲሆን፣ 6110 ውስጥ ሲገባ በአብዛኛው 16.5 በመቶ ነው። ታች ላይ የገባች አንዲት ገመድ ቀረጥ ትቀንሳለች ማለት ነው። ቁመታቸው ከ86 ሴንቲሜትር ለማይበልጥ ሕፃናት የተሠራ ልብስ ግን ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ለ6111 ቅድሚያ ይሰጣል።

ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የክሩ ዓይነት ነው። ድብልቅ ጨርቅ የሚመደበው በክብደት በሚበልጠው ክር ነው፤ 52 በመቶ ጥጥና 48 በመቶ ፖሊስተር የሆነ ቲሸርት እንደ ጥጥ ይቆጠራል። እኩል በእኩል ሲሆንስ? ደንቡ በታሪፉ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ክር ይመርጣል፤ ጥጥ ምዕራፍ 52፣ ፖሊስተር 54 ወይም 55 ላይ ስለሚገኝ ልብሱ የፖሊስተር ይሆናል። የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት ደግሞ 32 በመቶ ስለሆነ፣ 4,000 ዶላር በሚያወጣ ጭነት ላይ 660 ዶላር የነበረው ክፍያ 1,280 ዶላር ይደርሳል። በእኔ አስተያየት 50 በ50 ጨርቅ ለአሜሪካ ገበያ የሚያዝ ሰው ይህን ሳያውቅ ባያዝ ይሻለዋል። በአገር እየተለየ የሚጣል ተጨማሪ ቀረጥ ካለ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

[በምስሉ፦ የልብስ ናሙናና ደብዳቤ።]

በአሜሪካ ሕግ ትክክለኛውን ቁጥር በተገቢው ጥንቃቄ የማስመዝገብ ኃላፊነት የአስመጪው ነው። የሚያጠራጥር ልብስ ያለው ሰው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ናሙና፣ የክሩን ድርሻ በመቶኛ በክብደት እና የታችኛውን ጠርዝ አሠራር ገልጾ ከጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ አስገዳጅ የጽሑፍ ውሳኔ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ውሳኔው የሚሠራው ግን በማመልከቻው ለተገለጸው ልብስ ብቻ ስለሆነ፣ ፋብሪካው በመሐል የክሩን ድርሻ ከ52 ወደ 50 ቢያወርደው አስመጪው በዚያ ደብዳቤ መከራከር አይችልም።