«ሳንባሽ ንጹህ ነው አሉኝ፤ ታዲያ ለምን ያለከልከኛል?»

ጥያቄ፦ ለጡት ካንሰር አራተኛ ዙር ኬሞ ወስጃለሁ። አሁን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ራጅ ተነስቼ ሳንባሽ ንጹህ ነው ተባልኩ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ሳንባ በራሱ አየር መሳብ አይችልም። የሚስቡለት ጡንቻዎች ናቸው፤ ዋናው ደረትና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ነው። እስቲ እጅዎን ከእምብርትዎ በላይ ያድርጉና ቀስ ብለው አየር ይሳቡ። እጅዎን ወደ ውጭ የሚገፋው የድያፍራሙ መውረድ ነው። ተራ ራጅ የዚህን ጡንቻ ጉልበት አይለካም።

ኬሞ ደግሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ የኬሞ መድኃኒት ልብን እንደሚጎዳ ብዙ ይወራል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን የድያፍራምንም ጉልበት ሲቀንስ ታይቷል፤ ለጡንቻው ኃይል የሚያመነጩትን ሚቶኮንድሪያዎች ይጎዳል። ሌላው ጡንቻ ሲደክመው ያርፋል፤ ድያፍራም ግን እንቅልፍ ላይም ሥራ ላይ ነው። በዚህ ላይ ምግብ አልበላ ሲል፣ ቀኑ በመኝታ ሲያልፍ፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ሲደጋገም ጡንቻ ይሳሳል።

ሆኖም «ጡንቻ ነው» ብለው ዝም እንዳይሉ! በኬሞ ጊዜ ደም ማነስ የተለመደ ነው፤ እሱም ያስለከልካል። መጀመሪያ የደም ምርመራ፣ እንደ መድኃኒቱም የልብ አልትራሳውንድ ይደረግ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኬሞ ላይ ናት። ፊኛ ብትነፋ ጡንቻዋ ይጠነክራል?

መልስ፦ ይሄን ስንቴ ተጠየቅኩ! ፊኛ መንፋት በዋናነት የሚያሠራው አየር የሚያስወጡትን ጡንቻዎች ነው። ድያፍራም የሚሠራው ስንስብ ነው። ለዚህ አየር ሲሳብ የሚከብድ ትንሽ የእጅ መሣሪያ አለ። ቀድሞ ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቷን ይለካል፦ አፍንጫዋ ተቆንጥጦ፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ባላት አቅም ትስባለች። ልምምዱ ብዙ ጊዜ ከዚያ አቅም 30 በመቶ አካባቢ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይጨመራል። የተለመደው 30 ትንፋሽ፣ በቀን ሁለቴ ነው። ጭንቅላቷን ካዞራት ታቁም። የእግር ጉዞንም አትተው፤ እያወራች መራመድ የምትችልበት ፍጥነት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጋደም እላለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል። ይቀመጡ፤ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፉ። በአፍንጫ ስበው፣ ሻይ እንደሚያበርዱ ከንፈርዎን አሹለው በዝግታ ያስወጡ።

ድንገት ከመጣ፣ ደረት ከወጋ ወይም አንድ እግር ካበጠ ግን ልምምድ እየሠሩ ጊዜ አያባክኑ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ራጅ ንጹህ ቢሆንም እንኳ። ትኩሳት 38 ከደረሰም እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ኬሞ ላይ መሆንዎንም መጀመሪያ ይናገሩ።