በቀብር የማንቀር ሰዎች ለሳምንት አንድ ሰዓት የት ጠፋን? በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን በነጻ የሰጡንን፣ ውሃውን ያመጡልንን፣ ከሐረር ገና በጠዋቱ ተነስተው የመጡትን ወንድሞችና እህቶች ከልብ አመሰግናለሁ። ከፋኖቹ አንዱ ብቻ እንደሚሠራ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰላምታውን ላሳጥረው።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን በዝርዝር ታቀርባለች። እኔ በጨረፍታ ልንካው። መስከረም 11 የአልዛይመርን ቀን፣ የመርሳት ሕመም የሚታሰብበትን ማለት ነው፣ ከዚራ ሰፈር ላይ በእግር ጉዞ አክብረናል። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን በምንጦርበት ማዕከላችን ፍራሾች ተቀይረዋል። ተንከባካቢዎቻችን ሥልጠና ወስደዋል። ዳይፐር አንድም ወር አልተቋረጠም፤ ዋጋው የት እንደደረሰ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚህ ኮርቻለሁ። በቃ፣ ሪፖርቱን ከሷ ትሰማላችሁ።

አሁን ሆዴን ሲበላው ወደከረመው ነገር ልግባ።

ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው ስለ ሕንጻ ነው። አንዱ ወገን «መሬት እንጠይቅ፣ ዘመናዊ ማዕከል እንገንባ» ይላል። ሌላው ወገን «ያለችን ገንዘብ መጀመሪያ ለሰው ትዋል» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ አልደብቅም። ነገሩ ከርሮ ሰላምታ እስከመነፋፈግ የደረሱ አባላት አሉ። ለሕንጻ የሚከራከሩት ምክንያት የላቸውም አልልም። የተከራየነው ግቢ ጠባብ ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል እዚያ ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ይገባዋል። አከራዩም በየጊዜው ኪራይ ይጨምራል።

ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ሆላንድ ውስጥ፣ አምስተርዳም አጠገብ፣ ሆግቬይክ የሚባል የመርሳት ሕመምተኞች መንደር አለ። የተከፈተው በፈረንጆቹ 2009 ነው። የሕንጻ ኮሚቴው ፎቶውን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደጋግሞ ስለለቀቀው ያላየው አባል የለም። ካፌ አለው፣ ሱፐርማርኬት አለው፣ ነዋሪዎቹ እንደልባቸው ደጅ ይንሸራሸራሉ። ወደ 19 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጥቶበታል፣ አብዛኛውን የከፈለው መንግሥታቸው ነው። እኛ ፎቶውን እንጂ ኑሮውን አላየነውም። እዚያ ሰዎቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ እንደ ቤተሰብ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ምግባቸው እዚያው ቤታቸው ይሠራል። ውሏቸው ድሮ ከለመዱት ኑሮ እንዳይርቅ ይደረጋል። ይሄ የትኛውን ሲሚንቶ ይፈልጋል? የኛ ግቢ ጠባብ ቢሆን እናቶቻችን ምስር እንዳይለቅሙ፣ ቡና እንዳይቆሉ የከለከላቸው ማነው?

በፈረንጆቹ 2007 የእንግሊዝ አገር የአልዛይመር ማህበር በማዕከላት ያሉ ሰዎች ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ አስጠንቶ ነበር። ማጠብ ማልበሱን ትተን፣ አንድ ነዋሪ በ6 ሰዓት ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር የሚያሳልፈው 2 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ አገር ነው፣ ሕንጻ የሞላበት።

እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በ69 ማዕከላት፣ 847 ሰዎች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ደግሞ በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሠራተኞቹን ሰውየውን እንዲያውቁት አሠለጠኗቸው፦ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስቆጣው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በሳምንት አንድ ሰዓት የጨዋታ ጊዜ ጨመሩ። ኑሯቸው ተሻሻለ፣ መረበሹ ቀነሰ። ተአምር አልተፈጠረም፣ ለውጡ መጠነኛ ነበር። ግን ወጪ ጨመረ ወይ ብትሉ፣ ጭራሽ ቀነሰ።

ይህን ጥናት ባለፈው ዓመት እዚሁ መድረክ ላይ ስናገር አጨበጨባችሁ። አንድ ሰዓት በሳምንት፣ አንድ አባል ለአንድ አረጋዊ። እነሱ ጋ በሠራተኛ ተሠራ፤ እኛ ሠራተኛ ስለሌለን በአባል እንሥራው አልን። ሁሉም እጁን አወጣ። ከዚያስ? የጎብኚ መዝገቡን እናንተም ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። መስከረም ላይ ደህና ነበር፣ ጥቅምት ሳሳ፣ ከገና በኋላ የኮሚቴው ፊርማ ብቻ ነው ያለው።

«አንድ ሰዓት ምን ይለውጣል?» ያለኝ አባል አለ። ልንገረው።

ከአባቶቻችን አንዱ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩበትን ቦታ ስሙን አልጠራም። እዚያ «ይረብሻሉ» ተብለው የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። እኛም ጋ መጥተው ምግብ ሲቀርብ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ እንጀራውን ይወረውራሉ። አንዲት ልጅ፣ ተንከባካቢያችን ናት፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስታያቸው ሰነበተች። በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝኩት። ትኩስ ነገር ሲነካቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለካ ጥርሳቸውን ነው! ጥርሱ ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ መልአክ ሆኑ አልልም፤ ዛሬም ይሰድቡናል፣ ሲብስባቸው በፈረንሳይኛ። ግን ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ የሚያደነዝዘውም መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ቆሟል።

ይሄ የኛ ግቢ ተረት ብቻ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ በ18 ማዕከላት፣ በ352 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ የፈረንጆቹ 2011 ነው። የሚረብሹትን ሰዎች ሕመም ሊኖርባቸው ይችላል ብለው በደረጃ ማስታገሻ ሰጧቸው። አብዛኞቹ ያገኙት ያው የምናውቀውን ፓራሲታሞል ነው። በ8 ሳምንት ውስጥ ረብሻው በአማካይ በ17 በመቶ ቀነሰ። በሌላ በኩል የእንግሊዝ መንግሥት ያስጠናውና በፈረንጆቹ 2009 የወጣው ሪፖርት አለ። እዚያ አገር 180,000 ገደማ የመርሳት ሕመምተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶችን ይወስዱ ነበር። በዚህ ሰበብ በዓመት 1,800 ያህል ተጨማሪ ሰው እንደሚሞት ነው የገመቱት። መናገር ያቃተው ሰው ሲያመው ይጮኻል። እኛ ደግሞ ጩኸቱን እናክማለን።

ሌላ ልጨምር። ከእናቶቻችን አንዷ ለወራት ዝም ብለው ነበር። «ጃጅተዋል፣ በቃ» ተባለ። ዕድሜ ልካቸውን ቀፊራ ገበያ ሲነግዱ አማርኛም ሶማሊኛም የሚያቀላጥፉ ሴት ነበሩ። በዚህ ሕመም ግን በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል፤ እሳቸው ጋ የቀረው የልጅነታቸው ኦሮምኛ ነው። ልብስ የምታጥበው ሴት አንድ ቀን እግረ መንገዷን «አካም ቡልተን»፣ እንደምን አደሩ፣ ስትላቸው ቀና አሉና ስለ ልጆቿ ጠየቋት። ድሬዳዋ ላይ፣ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ በሚቀላቅልበት ከተማ፣ ለአንዲት እናት በቋንቋቸው የሚያወራ ሰው ማጣት ያሳፍራል አቦ!

ለማዕከሉ ቀይ ሳህን ይገዛ ያልኩትን ነገር ብዙዎቻችሁ ስቃችሁበታል። አሜሪካኖች በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክረውት፣ ሳህኑና ብርጭቆው ደማቅ ቀይ ሲሆን ሕመምተኞቹ የበለጠ በሉ፣ የበለጠም ጠጡ። ነጭ ሩዝ በነጭ ሳህን ላይ ለነሱ ዓይን አይለይም። ቀይ ሳህን ግዙ ብዬ ገንዘብ ያዡን ያስጨነቅሁት ለዚህ ነው። ውሃም እንደዚሁ ነው። በዚህ ዕድሜ ጥም በደንብ አይሰማም፣ ቢሰማም አይነገርም። በዚህ ሙቀት ብርጭቆውን እጃቸው ላይ የሚያደርግ ሰው ካልኖረ፣ ማታ ላይ «ድንገት ባሰባቸው» እንላለን።

አሁን እኛው ማዕከል ሊሠራ ስለነበረው ጥናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው የማዕከላችንን አያያዝ እናጥና ብለው ነበር። ቶም ኪትውድ የሚባል የእንግሊዝ ምሁርና ባልደረቦቹ ብራድፎርድ ላይ የጀመሩት ዘዴ ነው። አጥኚው ዳር ይቀመጣል፣ በየ5 ደቂቃው ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነና ስሜቱን ይመዘግባል። መርፌ የለ፣ ደም የለ። ቤተሰብ እንዲፈርም ቅጽ ላክን። ጥቂት ተመለሰ። አንዱ «የአባቴ ነገር አደባባይ ሊወጣ ነው» አለኝ። ስም እንደማይጻፍ አስረዳሁ፣ አልሰማም። ሌላዋ ደግሞ እናቷ እኛ ጋ መሆናቸውን ጎረቤት እንዳያውቅ ትፈልጋለች፤ ጧሪ አጡ እንዳይባል። ይገባኛል። ያደግነው ወላጅን ከቤት ማውጣት ነውር ነው ተብለን ነው። ግን እየተደበቅን አያያዙን እንዴት እናሻሽላለን? ተማሪዎቹ ሄዱ። የት ምን እንደሚጎድለን በጽሑፍ ሊነግረን የሚችል ሥራ እጃችን ከገባ በኋላ አመለጠን።

እስቲ ዛሬ ስላልመጡት ላውራ። ይደርሳቸዋል፤ ድሬ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

የዓመቱን መዋጮ በቴሌብር አንዴ ልከህ «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» የምትለው ወንድሜ፣ ብሩ ደርሶናል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ብሩ ግን ጨዋታ አያውቅም። ሳቢያን ሆነሽ፣ ከማዕከሉ በእግር የምትደርሺው እህቴ፣ አክስትሽ በር በሩን ነው የሚያዩት። ማንን እንደሚጠብቁ ረስተውት ይሆናል፣ መጠበቁን ግን አልረሱም። ውጭ አገር ያላችሁትን አልወቅስም፤ በቪዲዮ የምትደውሉ አላችሁ፣ ቀጥሉበት። ስለ ጣሪያና ስለ ፎቅ ከዓመት ዓመት ሲሞግቱን የኖሩት የሕንጻ ኮሚቴ አባላትስ? ከነሱ ዛሬ እዚህ የማየው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን አመሰግነዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ሲያርፉ ድንኳኑ ሞልቶ ከጎረቤት እድር ወንበር ተዋስን። ስንቀብር ማንም አይችለንም። ድንኳኑ ውስጥ ካለቀሱት መሐል በሕይወት ሳሉ የጠየቋቸው ስንት እንደነበሩ መዝገቡ ላይ አለ። ስም አልጠራም።

ለምንድነው ለቀብር የማንቀረው? ፍቅር ብቻ አይደለም፣ እንተዋወቃለን። እድር የቀረን ይቀጣል። ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ የሚያቀርበው የመጀመሪያ አጀንዳ ይህ ነው፦ መዋጮ አይጨመርም። እያንዳንዱ አባል አንድ አረጋዊ ይይዛል፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ይመጣል። መምጣት ያልቻለ ሰው ይተካል። ሳይተካ የቀረ እንደ እድሩ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ለተንከባካቢዎች ሥልጠና ይውላል። መጠኑን እናንተ ወስኑ። የጥናቱ የፈቃድ ቅጽም እንደገና ይታደላል። ሕንጻው ሦስተኛ አጀንዳ ነው፤ አልሸሸሁትም፣ እንነጋገርበታለን።

ደብተሩ ጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አለ። በየገጹ አናት የአንድ አረጋዊ ስም፣ የሚናገሩት ቋንቋና ድሮ ይሠሩት የነበረው ሥራ ተጽፏል። ከሻይ በፊት ፈርሙ፤ ከሻይ በኋላ ማን እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ኮሚቴው ፈርሟል፤ የኔ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ላይ ያሉት አባት ሶማሊኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፣ ገጻቸው እስካሁን ባዶ ነው። ሶማሊኛ የሚችል ሰው እስቲ እጁን ያውጣልኝ።