ከንስሐ በኋላ ስለሚመለስ ኃጢአት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ድኅነትና ኃጢአትን ድል ስለ መንሣት የቀረቡትን መርጠናል። መምህሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት የሰጡት ምላሽ እንደሚከተለው ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምደውለው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ የተሰጠኝን ቀኖና ፈጸምሁ። ጥቂት ወራት ቆይቼ ግን ወደ በርጫው (ከጓደኞች ጋር ጫት ወደ መቃሙ)፣ ከበርጫውም በኋላ ወደ መጠጡና ወደ ዝሙቱ ተመለስሁ። ክርስቶስ አድኖኛል ብዬ አምናለሁ። ከዳንሁ ለምን እወድቃለሁ? ወይስ መጀመሪያውኑ አልዳንሁም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን በግልጽ ስላቀረብህ እግዚአብሔር ይስጥህ። ጌታችን በመስቀል ላይ የፈጸመው ቤዛነት ፍጹም ስለሆነ ያንተ መውደቅ አያጎድለውም፤ ያንተ መጾምም አይጨምርበትም። ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ በጸጋ በእምነት በኩል መዳናችንን ከተናገረ በኋላ፣ መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ መፈጠራችንን ወዲያው ያስከትላል (2፥8–10)። ቁጥር 9 ላይ የሚያቆም አንባቢ ጸጋውን ለስንፍና መሸሸጊያ ያደርገዋል፤ ከቁጥር 10 የሚጀምረው ደግሞ ድኅነትን የራሱ ደመወዝ ያስመስለዋል። በጥምቀት የተሰጠህ ልጅነት ነው፤ በኃጢአት የወደቀ ልጅም በንስሐ ይመለሳል እንጂ ሁለተኛ አይጠመቅም።

ጥምቀት ፈተናን እንደማያስቀር ከጌታችን ሕይወት እንማራለን፤ ዲያብሎስ በገዳመ ቆሮንቶስ የቀረበው ከዮርዳኖስ ጥምቀት በኋላ ነውና። ስለዚህ ፈተናው መመለሱ አለመዳንህን አያሳይም። የሚያስፈራው ከውድቀቱ ጋር ተስማምቶ መኖር ነው። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል» የሚለውን የምሳሌ ቃል (24፥16) ብዙ ሰው ለመውደቁ ማስረጃ ሲያደርገው እሰማለሁ፤ ጥቅሱ ግን የተጻፈው ስለ መነሣቱ ነው።

ወደ በርጫው ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የድሬዳዋ ሰፈሮቻችንን ሲያጥለቀልቅ ውኃው የተሰበሰበው ከላይ ከደጋው ነበር። ያንተም የሌሊት ኃጢአት የሚሰበሰበው ከቀትር በኋላ ነው። ለንስሐ አባትህ የተናገርኸው መጠጡንና ዝሙቱን ብቻ ከሆነ፣ ሰባት ሰዓት ላይ የሚደወልልህን ስልክ፣ የምትቀመጥበትን ቤት፣ ከምርቃናው በኋላ ለጨብሲ (የጫቱን ስሜት ለመስበር ለሚጠጣው መጠጥ) የሚጠራህን ጓደኛ አልተናዘዝህም ማለት ነው። ሄደህ እነዚህንም በዝርዝር ንገራቸው። «ጫት በመጽሐፍ ስሙ ተጠርቶ አልተከለከለም» የሚለውን ክርክር እኔ አልቀበለውም፤ ሐዋርያው ሁሉ ቢፈቀድልኝም በእኔ ላይ አንዳች ነገር እንዲሠለጥን አልፈቅድም ብሎ አስተምሮናልና (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ያለ እርሱ ከሰዓት በኋላን መዋል ያቃተው ሰው ተሠልጥኖበታል።

ባዶ የተተወ ቤትም እንዳለ አይቆይም፤ ርኩሱ መንፈስ ሰባት ሌሎችን ይዞ ተጠርጎ ወደ ተገኘው ቤት እንደሚመለስ ጌታችን ተናግሯል (ማቴ. 12፥43–45)። ለጓደኞችህ መቅረትህን በግልጽ አስታውቃቸው፤ ያንን ሰዓት ለሥራ፣ ለጸሎት ወይም ለጉባኤ ስጠው። ሰውነትህ ከለመደው የተነሣ መተው ከከበደህ ሐኪም ማማከር ነውር የለበትም፤ ንስሐህንም አያፈርሰውም።

ጥያቄ፦ እኔ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ነጋዴ ነኝ። ከታች የተቦረቦረ የአንድ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ አለኝ፤ ለዓመታት በእርሱ ሸጫለሁ። አሁን ጸጸት ይዞኛል። ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስያለሁ፤ ታኅሣሥ 19 ባስገባ ይቅር እባላለሁን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስእለትሽን ፈጽሚ፤ ተስሎ አለመክፈል ራሱ በደል ነው (መክ. 5፥4–5)። ነገር ግን ጥላው ሚዛኑን አይከፍልልሽም። ዘዳግም 23፥18 የዝሙት ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል፤ በጎደለ ሚዛን የተገኘውም ገንዘብ ከዚያ የሚሻልበት ነገር አይታየኝም። የምታስገቢው በቅን ከሠራሽው ይሁን። በዚያ ዕለት የምናስበው መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ማዳኑን ነው፤ እነርሱ ደግሞ ለምስሉ ከመስገድ መቃጠልን የመረጡ ናቸው። ለእነርሱ በዓል የሚሄድ ሰው የተቦረቦረ ድንጋይ መደብሩ ውስጥ አስቀምጦ መሄድ አይገባውም።

ዘኬዎስን ተመልከቺ። እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ፤ የበደላቸውን ግን ለይቶ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታችንም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» አለው (ሉቃ. 19፥8–9)። ምጽዋቱ ሌላ፣ ካሳው ሌላ ነበር። አንቺም ዛሬውኑ ድንጋዩን አስወግጂ። በስም የምታውቂያቸውን ደንበኞች፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ጠርተሽ መልሺላቸው፤ የቀፊራ ገበያተኛ እምነቱ ልዩ ልዩ ነው፤ በጎደለ ኪሎ የተወሰደበት ሁሉ ግን ባለ ዕዳሽ ሳይሆን ባለ ገንዘብሽ ነው። እንዴት ልንገራቸው ብለሽ ከተጨነቅሽ፣ «ቀድሞ የጎደለብዎት ነበረ» ብለሽ መጨመር ይበቃል። የማታውቂያቸውን ድርሻ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካክረሽ ለድሆች ስጪ፤ ከስእለቱ ጋር ግን አትቀላቅዪው።

ጥያቄ (ከሐረር በጽሑፍ የደረሰ)፦ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻው ሰዓት ከዳነ፣ እኔስ በእርጅናዬ ንስሐ ብገባ ምን ይጎድልብኛል?

መልስ፦ እርሱ ንስሐውን ወደ ፊት አላሳደረም፤ ክርስቶስን ባወቀባት ሰዓት በደሉን አምኖ ባልንጀራውን ገሠጸ። አንተ ግን እያወቅኸው ቀጠሮ እየሰጠህ ነው። በግራ የተሰቀለውም ያው የመጨረሻ ሰዓት ነበረው፤ አልተጠቀመበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ የሠራሁትን ከባድ ኃጢአት ከብዙ ዓመት በፊት ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ። ትዝታው ግን አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ሳልቆርብ ኖርሁ። የንስሐ አባቴም ዐርፈዋል።

መልስ፦ አባቴ፣ የትዝታ አለመልቀቅና የይቅርታ አለመገኘት ይለያያሉ። ቅዱስ ጳውሎስ አሳዳጅ እንደ ነበረ እያስታወሰ ነው ሐዋርያ ሆኖ የኖረው (1ኛ ጢሞ. 1፥13–16)፤ ዳዊትም ኃጢአቴ ሁልጊዜ በፊቴ ነው ብሏል። ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው የሚለው የዮሐንስ ቃል (1ኛ ዮሐ. 1፥9) በእርስዎ ስሜት ላይ አልተመሠረተም፤ የቆመው በእግዚአብሔር ታማኝነት ላይ ነው። ትዝታው ሲመጣ «ማረኝ» ይበሉበት፤ እንደገና ለመፍረድ ግን አይቀመጡበት።

በዚህ ሳምንት ወደ አጥቢያዎ ሄደው ሌላ የንስሐ አባት ይያዙ። የተፈታውን ከሥር ጀምሮ መዘርዘር የለብዎትም፤ ቀኖናውን መፈጸምዎንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ይንገሯቸው። ቀጥለውም ለሥጋ ወደሙ የሚዘጋጁበትን ቀን ከእርሳቸው ጋር ይወስኑ።