የትኛዋ ዲባባ?

(ምስል፦ ቤጂንግ፣ የወፍ ጎጆ የሚባለው ስታዲየም፣ ጠዋት)

እሑድ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፤ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የመጨረሻ ቀን። በሴቶች ማራቶን አራት ሯጮች ሳይነጣጠሉ ወደ መጨረሻው ተቃርበዋል። ማሬ ዲባባ ኬንያዊቷን ሄላ ኪፕሮፕን በአንዲት ሰከንድ ቀድማ ገባች፦ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ። በዚህ ውድድር ኢትዮጵያዊት ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያው ነው።

ማታ ደግሞ 5,000 ሜትር። አልማዝ አያና አንደኛ፣ ሰንበሬ ተፈሪ ሁለተኛ፣ ገንዘቤ ዲባባ ሦስተኛ። ገንዘቤ ከአምስት ቀን በፊት የ1,500 ሜትሩን ወርቅ ወስዳለች።

እንግዲህ በአንድ ቀን ሁለት ዲባባ ሜዳሊያ አጠለቁ። እህትማማች ናቸው?

አይደሉም። ዝምድናም የላቸውም።

(ምስል፦ ሁለት ስም፣ ጎን ለጎን)

ሙሉ ስማቸውን እዩት፦ ገንዘቤ ዲባባ ቀነኒ። ማሬ ዲባባ ሁርሳ። በአባት ስም ተገናኝተው በአያት ይለያያሉ። እኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም አይደለም። የውጭው የውጤት ሰሌዳ ግን ሁለተኛውን ወስዶ የቤተሰብ መጠሪያ ያደርገዋል። ውጭ አገር የኖረ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ባል የአባቱን፣ ሚስት የአባቷን ስም ፎርም ላይ ይሞላሉ፤ ከዚያ እናት ልጇን ይዛ ድንበር ስታልፍ «ልጁ ያንቺ ነው?» ትባላለች።

(ምስል፦ በቆጂ፣ አርሲ)

የቀነኒ ልጅ የአቶ ዲባባ ቤት በቆጂ አካባቢ ነው፤ ደጋ፣ ገብስ የሚዘራበት አገር። ከዚያ ቤት መጀመሪያ የወጣችው እጅጋየሁ ናት። ቀጥላ ጥሩነሽ፣ ከዚያ ገንዘቤ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጥሩነሽ በ2003 ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና 18 ዓመቷ ነበር። በ2008 ቤጂንግ 5,000ንም 10,000ንም ጠቅልላ ወሰደች። ገንዘቤ በ2015 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጠች፤ ያ ክብረ ወሰን ለስምንት ዓመት ያህል ቆየ።

እጅጋየሁ ግን በታናናሾቿ ጥላ ሥር የቀረች ይመስለኛል፤ ያለ አግባብ። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ጥሩነሽ ወርቅ ስታገኝ፣ ሁለቱም ጊዜ ሦስተኛ የወጣችው እጅጋየሁ ነበረች። እዚያ ሁለቱ ዲባባዎች እውነትም እህትማማች ናቸው።

(ምስል፦ አቴንስ 2004፣ የ10,000 ሜትር ሽልማት)

አሁን ይህን መድረክ ተመልከቱ። ወርቁን ቻይናዊቷ ሺንግ ሁይና ወሰደች። ብሩ የእጅጋየሁ ዲባባ፣ ነሐሱ የደራርቱ ቱሉ ነው። በስም ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለት ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ አለቀ። ደራርቱ ግን ለእነ እጅጋየሁ የሥጋ ዘመድ ናት፤ የበቆጂ አካባቢ ልጅ፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት። ስሙ ተመሳሳይ የሆነበት ቤጂንግ ላይ ዝምድና የለም፤ ስሙ የተለያየበት አቴንስ ላይ ግን አለ።

ወንዶቹ ጋም ይህ አለ፤ ቀነኒሳ በቀለ እና ታሪኩ በቀለ ወንድማማች ናቸው። ነገር ግን በቀለ የሚባል አባት በየሰፈሩ ስላለ እኛ ከስሙ ተነስተን ዝምድና አንገምትም። ዲባባ እንደዚያ አይበዛም፤ ስለዚህ እኛም ራሳችን ማሬን ከእነ ጥሩነሽ ጋር እናዛምዳት ነበር።

(ምስል፦ ጥሩነሽ እና ስለሺ)

ጥሩነሽ በ2008 ስለሺ ስህንን አገባች፤ በ10,000 ሜትር ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ብር ያገኘውን። ከሠርጉም በኋላ ጥሩነሽ ዲባባ እንደሆነች ቀረች። በልማዳችን ግን የልጆቿ አባት ስም ስለሺ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ቤት ሯጭ ቢወጣ፣ በውጤት ሰሌዳው ላይ «ስለሺ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዲባባን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።